ያላደረስኩት የቬኔራ መልእክት

ለምወድህ ወንድሜ ጋስፓሬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህስ ተወህ? ከሰል ጉድጓዱ ገብተህ በሰላም እየወጣህ ነው ወይ? እኔ እህትህ በአካል ደህና ነኝ። ልጅህ ቬኔራም ከትኩሳቱ ተነሥታለች። የቀረውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቬኔራ በምንጩ ውኃ ከተጣላናቸው ሰዎች ልጅ፣ ከዓሣ አጥማጁ ከሊቦሪዮ ጋር ትዋደድ ነበር። እኔም አውቄ ዝም አልኩ። አሳባቸው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በጀልባው ፓሌርሞ ከተማ ሄደው መጋባት፣ ከዚያም በባቡር አንተ ዘንድ ቤልጅግ መምጣት ነበር። «አባቴ ሲያየው መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ በልተሃል ወይ ይለዋል» እያለች ትስቅ ነበር።

ሰኞ ትኩሳት ጣላት። «አክስቴ፣ ታማለች፣ እስከ እሑድ ጠብቃት በይው» ብላ ላከችኝ። ወደቡ ልደርስ ስል ታላቃችን ካርሜሎ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አየኝ። «ወዴት ነው?» አለኝ። «ጨው ልገዛ» አልኩት። ጨው ገዝቼ ተመለስኩና ለእሷ «ነግሬዋለሁ» አልኳት። ፈርቼ ነው፣ ጋስፓሬ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ብትቀርልኝ ብዬም ተመኝቻለሁ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ልጁ እስከ ቀትር ጠበቃት። አጎቶቹ መረብ እየጠገኑ «ተጫወተችብህ፣ ለሌላ ታጭታለች» እያሉ አላገጡበት። ባሕሩ ተናውጦ ማንም ባልወጣበት በዚያው ቀን ጀልባውን ብቻውን ቀዘፈ። ሐሙስ አስከሬኑ ዳር ወጣ። ማዕበሉ ነው የሚሉ አሉ፤ ራሱን ጣለ የሚሉም አሉ።

ቬኔራን ቤተሰቦቹ ቀብሩ ላይ እንዳትቆም ከለከሏት። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነግረሽው ለምን ወጣ?» ስትለኝ ሰነበተች። ትናንት ግን አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። «ለአባቴ አንቺው ጻፊለት፣ ምንም ሳታስቀሪ። እኔ ለመናገር አቅም የለኝም» አለችኝ።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በባቡር አንተ ዘንድ ትደርሳለች። ጣቢያው ቀድመህ ተገኝ፤ ምንም አትጠይቃት። እኔን ብትቀየመኝ አልፈርድብህም።

አብረውህ ለሚኖሩት ለኮሲሞና ለፊሊፖ ሰላም በልልኝ። ጎረቤታችን እማማ ፊሎሜና ሰላም ብለውሃል። ካርሜሎም ሰላም ይልሃል፤ መልእክቱን እኔ እንዳስቀረሁት እሱ እስካሁን አያውቅም። ለቬኔራ ሰላምታ ለመላክ ድፍረቱ የለኝም። አገሩ ብርድ ነው ይላሉና ካፖርት ግዛላት።

እህትህ አጋቲና
ሲሲሊ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1952