ዳሞታ ራሱን ሲሸፍን

ወላይታ ሶዶ
ሐሙስ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የነበርነው መክብብ፣ ህብረትና እኔ።

ለልጄ ለትህትና፣

የእግዚአብሔር ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሱቁም ደህና ነው። የጓሮው ጎዳሬ ዘንድሮ ቅጠሉ ከኔ ቁመት በልጧል። ክረምቱን እዚያው አዲስ አበባ መቅረትሽን አልወቅስም፤ ሥራ ይኖርሻል። በስልክ የምንላላከው አጭር መልእክት ለዛሬው ወሬ ስለማይበቃኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

የጻፍኩልሽን ሥራ ታስታውሻለሽ። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ቤት ተከራይተው፣ ለተማሪዎች የቪዲዮ ትምህርት እየሠሩ በኢንተርኔት በነጻ የሚለቁት ሰዎች ዘንድ ነው። መምህሩ ሲያስተምር እኔ በስክሪኑ ጥግ ባለች ትንሽ ክብ ውስጥ ሆኜ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በእጄ አስተረጉማለሁ። ያገናኘችን ካሜራውን የምትይዘው ህብረት ናት። ልጅ ሳለሽ ስብከቱን በእጄ ስነግርሽ ከኋላ ወንበር እያየችን ነው ያደገችው። መክብብ ኃላፊያቸው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ከጎንደር መጥቶ እዚሁ የቀረ።

የስቱዲዮውን ግድግዳ በፍራሽ ስፖንጅ ሸፍነውታል። ቆርቆሮውን ዝናብ ሲመታው ግን ያ ሁሉ ስፖንጅ አያድንም፤ ቀረጻ ይቆምና ሁሉም ወደ ጣሪያ አንጋጦ ይጠብቃል። የእጅ ሥራ ዝናብ አይረብሸውምና የኔ ክፍል በዚያን ሰዓት ይቀረጻል። መክብብም "ክረምት የማያስቆማቸው እትዬ ሚርያምን ብቻ ነው" እያለ ይቀልድብኛል። እጅ ጎልቶ እንዲታይ ብለው ጥቁር ሸሚዝ ሰጡኝ። ቀለበቴንም አውልቄ ነው የምገባው፤ ያብለጨልጫል አሉ።

ዛሬ የጠሩኝ ግን ለቀረጻ አልነበረም። በክቧ ውስጥ ልቀጥል ወይስ ልውጣ የሚለው ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ነገ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ይጀመራል።

ነገሩን ያመጣው አንድ አስተያየት ነው። ከቪዲዮዎቹ ሥር ሰው ይጽፋል፤ አብዛኛው "ተባረኩ" የሚል ነው። ይሄኛው ስም የለውም፤ በስሙ ቦታ የአበባ ሥዕል አለ። ህብረት ልታነብልኝ ጀምራ ተወችው፤ ስልኳን ሰጠችኝና ራሴ ድምፄን አሰምቼ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

"የአስተርጓሚዋ እጆች ያምራሉ። ቋንቋው ግን እኛ የምንግባባበት አይደለም። ዝናብ ስትል ለልጆቹ ራስ ምታት ነው የሚመስላቸው። ጆሮ መሳብም መምህር ማለት አይደለም፤ እሱ አንድ ሰው ነው። በዚህ የሚማሩ ልጆች ፈተና ላይ ይቸገራሉ። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው አስቀምጡ።"

ህብረት ራስ ምታቱ ጋ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ "የትህትና እናት፣ እሱ አንድ ሰው ነው ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እንጃ" አልኳት።

አንቺና እኔ ግን እናውቃለን። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ይህችን ልጅ ምን እናደርጋታለን ብለው ሲመልሱሽ፣ ከፊት ወንበር ያስቀመጠሽ መምህር ደገፉ ብቻ ነበር። ከመናገሩ በፊት ጆሮውን ይስብ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥተሽ ደብተርሽን ሳታስቀምጪ ጆሮሽን ሳብሽ፤ ስለሱ ልትነግሪኝ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን መምህር ሁሉ ጆሮ ሳቢ ሆነ። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ጡረታ ወጥቶ ተበላ ከተማ የገባው ደገፉ ራሱ እንኳ አያውቅም። ዝናቡም እንደዚያው ነው። የዳሞታ ተራራ ራሱን በደመና ሲሸፍን መዝነቡ አይቀርምና፣ መዳፋችንን ራሳችን ላይ እናደርግ ነበር። የቀረውን እንዳገኘሁ ነው የለቃቀምኩት፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ሰው ቀድዶ ከጣለው የጣት ፊደል ሥዕል። ወረቀት ላይ ያለ እጅ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ቅርጹን ያዝኩ እንጂ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየኝ አልነበረም።

መክብብ እንድቀጥል ፈለገ። ለአንድ ሰው አስተያየት ብለን የተሠራ አናፈርስም፣ በዞኑ ውስጥ ሌላ ማን አለን፣ ከምንም ይሻላል አለ። አዝኖልኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ወደሱ አዘንብሎ ነበር። ያቺን ክብ ወድጃታለሁ። ገበያ ውስጥ ሴቶች "በስልክ አየንሽ" ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም የምል ሴት ነኝ፤ እዚያ ውስጥ ግን ብዙ አወራለሁ።

ከዚያ ለፋሲካ ከጓደኛሽ ጋር የመጣሽ ቀን ትዝ አለኝ። መናኸሪያ ተቀብያችሁ፣ ለጓደኛሽ አክብሮት ላሳያት ብዬ "ያንቺም ትምህርት ለመምህርነት ነው?" ብዬ በእጄ ጠየቅኳት። ጆሮዬን እንደያዝኩ ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ አንቺ ዞረች። አንቺ ደግሞ እጄን ያዝሽና ቀስ ብለሽ ዝቅ አደረግሽው። ያን ጊዜ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ዘንቢሉን በሁለት እጄ ይዤ መጣሁ።

ዛሬ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ዲምቱ ወይም ቢጠና ውስጥ አንዲት ልጅ ትኖራለች፤ ደገፉን ያላገኘች። መምህሩን ትታ ክቧን ብቻ ታያለች። እኔ ዝናብ እላታለሁ፤ እሷ ራስ ምታት ብላ ትጽፋለች። የሚያርማትም የለም።

ስለዚህ መክብብን እንዲህ አልኩት፦ "እኔ ልጄን ያሳደግኋት ከምንም ይሻላል ብዬ ነው፤ ሌላ ስላልነበረኝ። እናንተ ግን ሌላ መፈለግ ትችላላችሁ።"

ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ህብረትን፣ ክቧን ከቪዲዮዎቹ ላይ አንሺያት አላት። ህብረት ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ታዲያ ማንን እናምጣ?" አለችኝ። አዲስ አበባ የሚያውቁ ልጆች አሉ ይባላል አልኳት። ስምሽን አልጠራሁም። ሳትፈቅጂ በስምሽ ቃል መግባት ልክ አልመሰለኝም። ቦታው ግን ባዶ ነው። እዚያው ሆኖ ቀርጾ መላክም ይቻላል ብላለች ህብረት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ ያላችሁት እርስ በርስ እንደምትተዋወቁ ነግረሽኝ ነበር። ምናልባት ያንን የአበባውን ሰው ካገኘሽ፣ ሴትየዋ አልተቀየመችም በይልኝ። ልክ ነህ ብላለች በይልኝ። እጆቿ ያምራሉ ብሎ ስለጀመረም አመስግኚልኝ፤ ያንን ሳይጽፍ መተው ይችል ነበር።

ስትመጪ መምህር በእጅ እንዴት እንደሚባል ታሳዪኛለሽ። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ፤ አልቸኩልም። ጆሮው ግን ለደገፉ ይቅርለት።

ጌታ እጆችሽን ይባርክ። በሄድሽበት የሚያይሽ ዓይን፣ የሚገባው ልብ አይለይሽ።

እናትሽ ሚርያም

ዓርብ ጠዋት

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ የጨመርኩት ነው። ትናንት ያጠብኩት ጥቁር ሸሚዝ ምድጃው አጠገብ ደርቆ አደረ። ስነሣ በከሰል ካውያ ተኮስኩት፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፌ በፌስታል ጠቀለልኩት። በትከሻው በኩል ይሰፋሽ ይሆናል፤ በመርፌ ያዝ አድርጊው። ቀለበቴን መልሼ አጠለቅሁ። ሱቁን ሳልከፍት መናኸሪያ ወረድኩ።

የአዲስ አበባው ሚኒባስ ሾፌር በኃይሉ ዕቃሽን ሊያደርስልኝ ተስማምቷል። ሰው እስኪሞላለት ከፊት ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ቀና ስል ዳሞታ ራሱን ሸፍኗል። ሳላስበው መዳፌን ራሴ ላይ አደረግሁ።

"እናት፣ ራስሽን ያምሻል እንዴ?" አለኝ በኃይሉ።

"አይ፣ ሊዘንብ ነው" አልኩት።

ወደ ተራራው አየና መስኮቱን ዘጋ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ።