አልቆለፍ ያለው ኮት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን
ከልብስ ስፌት ሱቃችን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የሰርጉ ዝግጅትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር፣ አባትሽ ፊት ለፊቴ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋል። ስለዚህ ከሱፉ ልጀምር።

ለሰርግሽ እንዲለብሰው የላክሽለት ሱፍ ደርሷል። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ስፌቱም አይታማም። አባትሽ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቁልፉን ከቀዳዳው ጋር ለማገናኘት ታገለ። በመካከላቸው መዳፌ ያልፋል። «ልጅቷ የሌላ ሰው ልክ ገዝታለች» ብሎ አወለቀው።

ስህተቱ ያንቺ አይደለም። የላከልሽ ልክ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የራሱ የካርቶን ንድፍ የተወሰደ ነው፤ ያ ካርቶን ደግሞ የተቆረጠው አንቺ ገና ስትድሂ ነው። አባትሽ የሰውን ሁሉ ወገብ ሲለካ ይውላል፣ የራሱን ለክቶ አያውቅም። ሱሪው ሲጠብቀው ስፌቱን ይፈታል፣ ከውስጥ ካለው ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ይለቃል፣ መልሶ ይሰፋና «ይኸው፣ ያው ነኝ» ይላል። የፋብሪካ ሱፍ ግን ትርፍ የለውም። ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ የሚለቀቅ ነገር አላስቀሩም።

የለስላሳውን ነገር ታውቂዋለሽ። ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ከጎረቤት ሱቅ ቀዝቃዛ ለስላሳ ያስመጣል፣ ለአባትሽም ይጋብዛል። እምቢ ካለ ደንበኛው ይከፋዋል፤ ከጠጣ ደግሞ ቀጣዩ ደንበኛ ይመጣል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የስፌት መኪናው ሥር በባዶ ጠርሙስ ተሞልቶ ድግስ የዋለበት ይመስላል። ውሃ ሳቀርብለት «ውሃ ለአበባ ነው» ይለኛል። እሱን ብቻ ነጥዬ አልወቅስም። ባለታክሲው፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ መምህሯ፣ ሁሉም ጠርሙሳቸውን ይዘው ሆዳቸውን እየሳቡ «ትንሽ ልቀቂልኝ» ይሉኛል። አጥብቢልኝ የሚል ሰው ካየሁ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ወለሉን ስጠርግ ፔዳሉ ሥር ደም አየሁ። መጀመሪያ የራሴን ጣቶች ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። አባትሽ መቼም ፔዳሉን በባዶ እግሩ ካልረገጠ ሥራው አይጥመውም። እግሩን ቀና ሳደርገው ስፒል ተረከዙ ውስጥ እስከ ጭንቅላቱ ተሰክቷል። እሱ እያፏጨ እጅጌ ይሰፋል።

«አላመመህም?»

«ምኑ?» አለኝ።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ።

እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኩት። ስኳር ነው፤ የቆየ ስኳር ነው፣ የእግሩንም ስሜት ጨርሶታል። ዶክተሯ ምን እንደሚጠጣ ስትጠይቀው «የተገኘውን» አላት። እኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈኝ። ቁስሉ ከዘጋ እሰየው፣ ካልዘጋ ግን እግሩን ልናጣው እንደምንችል ሳትሸፋፍን ነገረችን። እስኪድን አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም። እና ለሰርግሽ አይደርስም። ቀኑን እንዳታራዝሚ፣ እሱም አይወድም። እዚያ ያለው አጎትሽ በእሱ ቦታ ይቁምልሽ።

ከትናንት በስቲያ ባለታክሲው እንደልማዱ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ገባ። አባትሽ ስኳር አለብኝ ማለት አሳፍሮት «ጥርሴን አሞኛል» አለው።

«እንግዲያው እኔው ልጠጣልህ» አለና ሁለቱንም ጨለጣቸው። ከዚያ ሱሪውን እንድለቅለት ሰጥቶኝ ሄደ።

ዶክተሯ ሰፊ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው ጫማ ያስፈልገዋል ብላለች። እዚህ ብፈልግ አጣሁ፤ አንቺ ላኪለት። ልኩ እንዳይሳሳት ትናንት በንድፍ ወረቀት ላይ አቁሜ ሁለቱንም እግሮቹን ዙሪያቸውን በእርሳስ ነድፌያለሁ፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ። አባትሽ እግሩን ሲነኩት የሚኮረኮር ሰው ነበር፤ ካልሲ ላውልቅልህ ስለው እንኳ ወንበር ይገለብጥ ነበር። አሁን ሲቆም ቦርጩ ስለሚጋርደው እግሩን አያየውም። ሥሩ ተንበርክኬ ጎንበስ ስል ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ኮረኮርሽኝ!» አለኝ።

እርሳሱ ገና አልነካውም ነበር። አብሬው ሳቅኩ።

ትዳርሽ የሰመረ፣ ጎጆሽ የሞቀ ይሁን። ወልደሽ ሳሚ፣ ልጄ። አባትሽ ሲነቃ ሰላም ይልሻል።

እናትሽ