የልጅሽ ምላስ

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ዛሬም ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮሃል ወይስ ቴሌቪዥኑ አሸነፈው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለወጉ ያህል ነው እንጂ እውነቱን ከፈለግሽ እየተቃጠልኩ ነው። ያቃጠለችኝም ልጅሽ ናት።

አትደንግጪ። አልታመመችም፣ አልጠፋችም፣ ከማንም ጋር አልኮበለለችም። ከዚህ የከፋ ነው፤ ከእኔ በልጣ ትቀምሳለች።

ልጄ ሥራ ፈታ ቤት ተቀምጣለች፣ እባክህ አንተ ጋ አስገባት ብለሽ ስታለቅሺብኝ ጊዜ፣ እኔ ሞኙ ወንድምሽ በብስኩት ፋብሪካችን የቅምሻ ክፍል ውስጥ ለስድስት ወር ሙከራ አስቀጠርኳት። ሙከራው ዓርብ ያልቃል። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለውን የምጽፈው ደግሞ ዋና ቀማሹ፣ ማለትም እኔ ነኝ። ታዲያ ፍርድ ከመሰማቱ በፊት ክሱን እናትየዋ ብትሰማው ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። የእኛን ምርትና የተፎካካሪዎችን ብስኩት፣ ዋፈር፣ ከረሜላ፣ ቺፕስ ከየፓኬቱ አውጥተው፣ ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ነጭ ሳህን ላይ ያቀርቡልናል። በሦስት ሳህን ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ባዳ ነው። ባዳውን ማግኘት ነው። ሽቶ አይቀቡም፣ አያወሩም፣ የጎረቤትን ወረቀት አያዩም። በለብ ያለ ውሃ አፍ ይታጠቡና ይጽፋሉ። ሰፈርተኛው ቁጭ ብሎ ብስኩት ሲበላ ደመወዝ የሚከፈለው ሰውዬ ይለኛል። ይበል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ አፍ ሳያልፍ ገበያ የወጣ ብስኩት የለም።

ልጅሽ በገባች በሳምንቷ ዋፈር ቀረበልን። እኔ «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ የሦስተኛው ሳህን ለውዝ እሳት ላይ ትንሽ ቆይቷል ብላ ጻፈች። ቢጣራ፣ ቆይቷል! በሌላ ቀን ቺፕሱን ገና ከመንከሷ ዘይቱ አሮጌ ነው አለች። አሮጌ ነው! የከረሜላው ስኳር ድስቱ ሥር አሯልም ብላ ነበር፤ እሱንም አልተሳሳተች። አንድ ቀን እንኳ ለዘመድ ብላ አትሳሳትም?

ድሮ ጋሼ እስቲ ይቅመሱልኝ እያለ በሁለት እጁ ሳህን ያቀርብልኝ የነበረው ሥራ አስኪያጅ፣ አሁን በሩን ሲከፍት ሰላምታው ልጅቷ የት አለች ሆኗል። አዲስ ፓኬት ሲመጣ በጠረጴዛዬ አጠገብ አልፎ ወደ እሷ ይሄዳል። እትዬ፣ ፓኬት ሲያልፍብሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? የተረፈውን ናሙና ቦርሳ ውስጥ መክተትም የእኔ ማዕረግ ነበር፤ እሱንም ወርሳኛለች።

ጊዜውም ከፍቷል። ባለፈው ከጣለኝ ክፉ ጉንፋን ከተነሳሁ ወዲህ የዓለም ፋብሪካዎች ሁሉ ተማክረው ምርታቸውን አበላሽተዋል። ቸኮሌቱ ሰም፣ ብስኩቱ ካርቶን፣ ከረሜላው ጠጠር ሆኗል። ስኳር ራሱ ድሮ ቀረ። ባለቤቴ ሻዬ ላይ አምስት ማንኪያ ስጨምር አይታ ሰውዬ ምን ነካህ አለችኝ። የዘንድሮ ስኳር አያጣፍጥም አልኳት። ከኔው ብርጭቆ ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች። ምን ታውቃለች፣ ቀማሽ አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ወንጀል ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ከሦስት ምድጃ የወጣ የራሳችን ብስኩት ቀረበልን። ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን ቆሟል። እኔ እንደ ወጌ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በክብር አላምጬ፣ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ አሁን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ቀለሙ ስለፈሰሰም ማስረጃ የለም። ያፈሰሰችው ልጅሽ ናት። ማየት የተከለከለውን ወረቀቴን አየችና የውሃ ብርጭቆዋን ገለበጠችብኝ! ያም አልበቃትም። ማውራት ክልክል በሆነበት ክፍል ውስጥ፣ ውይ ጋሼ ይቅርታ፣ ያ ሁለተኛው ጨው ብቻ ሆኖብኝ እጄ ከዳኝ ብላ ጮኸች። ለካስ ሊጥ አቡኪው በስኳር ፋንታ ጨው ገልብጦበት ኖሯል። አዲስ ወረቀት አምጥታ ብዕሩን እጄ ላይ አስያዘችኝ። እኔም «ሁለተኛው ጨው ነው፤ ይመለስ» ብዬ ጻፍኩ። በፊትም ያንኑ ነበር የጻፍኩት። ማለቴ፣ ልጽፍ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አፈጠጠባት። ሕግ አታውቂም እንዴ፣ እንዲህ ሆነሽ ነው ቋሚ የምትሆኚው አላት። አንቺ ቤት አንድ ቃል ሲወረወርላት አሥር የምትመልሰው ልጅ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ይሄን ጊዜ ነው የባሰ የተቃጠልኩት። በምላስ መብለጧ አንሶ በሌላውም ልትበልጠኝ ነው?

ምሳ ሰዓት ላይ ለምን እንዲህ አደረግሽ ብላት፣ ምኑን ጋሼ፣ ውሃ አይደል፣ ውሃ ይፈሳል አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳል ይዟታል። ሳህን በቀረበ ቁጥር አንዳንዴ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ሲብስባት ሦስቴ ታስላለች። እኔም ከመጻፌ በፊት ስንት ጊዜ እንዳሳለች ልብ እላለሁ። አጎቷ አይደለሁ፣ ጤናዋ ያሳስበኛል።

ዛሬ ጠዋት ቅጹን ሞላሁ። ውሃ ታፈሳለች፣ ታወራለች፣ ታስላለች ብዬ ጀመርኩ። አንድም ሐሰት የለበትም። ውሳኔ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ብዕሩን አስቀምጬ ወንበሬን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ «ቋሚ ትሁን፤ በእኔ ቦታ ትቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ክፍት ቦታ ላይ ደግሞ «ምላሷ ከእኔ ይበልጣል» አልኩ። ለራሴ መጋዘን ጠየቅሁ። እዚያ ካርቶን ሲወጣ ሲገባ ማየት ነው፤ ካርቶን አይቀመስም። ለሥራ አስኪያጁ ዝምታ ሰልችቶኛል አልኩት። ኧረ ጋሼ እንዴት ይሆናል ብሎ እንዲለምነኝ ትንሽ ቆም አልኩ። ሰውዬው ፈርሞ ጨርሶ ነበር።

ይቅር ብያታለሁ ብለሽ ግን እንዳታስቢ። ቅናቴ ከነሙሉ ጤናው አለ። ወንበሩን ለቀቅሁላት እንጂ ትራሱን ይዤ ሄጃለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ የበላሽውን ጻፊልኝ። ስሙን ብቻ አይደለም። ምላስሽ ላይ መጀመሪያ ምን እንደሚመጣ፣ ኋላ ምን እንደሚቀር፣ ሲጣፍጥ እንዴት አድርጎ እንደሚጣፍጥ፣ ሳታሳጥሪ ጻፊልኝ። መጋዘን ውስጥ ማንበቢያ ጊዜ አይጠፋም። ይህን መጠየቄን ለልጅሽ አትንገሪያት።

ወገብሽን ይማርልኝ። ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው። የጎረስሽው ሁሉ ይጣፍጥሽ።

ታናሽ ወንድምሽ