ለተሰበረ እግር የመጣ መርዶ

ይድረስ ለልጄ ለተስፋለም፦

ኪዳነ ምሕረት አጥንትህን ትጠግንልህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን እንደተናደድኩ ነው።

ለጓደኛህ ለአሉላ፣ «ስዊዘርላንድ በረዶ ላይ ስንሸራተት ወድቄ እግሬ ተሰብሯል፤ ለእማዬ ቀስ ብለህ ንገርልኝ» አልከው አሉ። እሱም የእድራችንን ሽማግሌዎች አስከትሎ ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳ! ካዛንቺስ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ጠፍቶህ ነው? ጮኼ ሰፈሩን ቀሰቀስኩት። «እግሩ ብቻ ነው» ቢሉኝ ማን ይመናቸው? መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚለው። አንተን በስልክ እስኪያገናኙኝ ድረስ ደረቴን ስደቃ ቆየሁ።

ለገሃር ከታክሲ ስትወርድ እንኳ የምትደናቀፍ ልጅ፣ በሁለት ጣውላ ከተራራ ተንደርደር ያለህ ማነው?

እግዚአብሔር በእግርህ ያቁምህ። ሌላ ጊዜ ብትወድቅ፣ እያቃሰትክም ቢሆን ራስህ ደውልልኝ። አንዴ አልቅሼልሃለሁ፤ ይበቃኛል።

እናትህ ትርሓስ