ሲትሮን በላ?

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ የሻረግ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ክረምቱ ሳይገባ ሻል አለው ወይ? ዓይንሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምነግረው ግን ለአንቺ ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳታስተላልፊ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ባለቤቴ ሕብስት ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መኖሬ ልጄን ዲቦራን እንደሚያሳስባት ታውቂያለሽ። አምና ምሳ እየበላን ሳለ፣ ዙሪክ በኩል ከምትሠራበት ከኦፕፊኮን ከተማ አጠገብ ደህና የአረጋውያን መኖሪያ አለ፣ አትክልቱም ያምራል አለችኝ። የምኖርበት የጄኔቩ ፕላንፓሌ ሰፈሬ ምን ጎደለው ብዬ ወሬውን ዘጋሁት። እሷም እሺ ብላ መብላቷን ቀጠለች። ዲቦራን የምፈራት ደግሞ እሺ ስትል ነው።

ከገና በኋላ የመስታወት ሣጥን ታቅፋ መጣች። ውስጡ እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነ ቢጫ እንሽላሊት ተጋድሟል። ጌኮ ይሉታል፤ እሷ ሲትሮን፣ ሎሚ ማለት ነው፣ ትለዋለች። እንስሳ የሚፈቀድበት ቤት እስካገኝ ሁለት ሳምንት ብቻ አቆይልኝ ብላ ጥላው ሄደች።

ሁለት ሳምንቱ አራት ወር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የማትደውልበት ቀን የለም። ሲትሮን በላ? ውሃው ተቀየረ? ማሞቂያው ይሠራል? አባዬ አንተስ በላህ ብላ ግን አታውቅም። ነገሩ አልጥምህ አለኝ። እሱን ለመመገብ በጠዋት መነሳት አለብኝ፤ ፌንጣ ለመግዛት በትራም መውጣት አለብኝ፤ የሣጥኑን ሙቀት ለማንበብ መነጽሬ የት እንዳለ ማወቅ አለብኝ። እኔን እየፈተነችኝ ነው! እንስሳው ከሞተ አባዬ ራሱን አልቻለም ተብሎ ኦፕፊኮን መግባቴ ነው።

እሱንም አላመንኩትም። እንደ ሰው የዓይን ቆብ አለው፤ እያየኝ አንዱን ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ይቅርታ አድርጊልኝና አንቺንም አላመንኩሽም። በፋሲካ ስትደውዪ ጤናዬን ሳትጠይቂ፣ ያ እንስሳ ደህና ነው ወይ አልሽኝ። እኔ ስለ እንስሳ ነግሬሽ አላውቅም።

በመካከሉ ያገኘኝን ልንገርሽ። ሁዳዴ ሲገባ እኔ እየጾምኩ እሱ ፌንጣውን ከነነፍሱ ሲቆረጥም ማየት ከበደኝ። ጎመን ቀቅዬ ሰጠሁት፤ ፊቱን አዞረ። ምስርም ሞከርኩ። ይለምደዋል ስል ጭራው ከስቶ ክር አከለ። ለዲቦራ ግን ጠግቦ ተኝቷል እላት ነበር። በመጨረሻ ፈርቼ በካፖርቴ ውስጥ ሸሽጌ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ስቡን የሚያጠራቅመው በጭራው መሆኑን፣ ነፍሳት እንጂ አትክልት እንደማይበላ፣ ፌንጣውም ላይ የካልሲየም ዱቄት መነስነስ እንዳለበት አስረዳችኝ። የጾሙን ነገር ብነግራት፣ ሙሴ (አቶ ማለቷ ነው)፣ እሱ እኮ አልተጠመቀም አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ልጅ ተንከባከብኩት፤ ጭራውም ተመልሶ ጣቴን አከለ።

ባለፈው እሑድ ዲቦራ መጣች። ሲትሮንን ከማየቷ በፊት የእኔን ማቀዝቀዣ ከፈተች! ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ከዚያ ጭራውን ዳሰሰችና ሳቀች። ስለ አረጋውያን መኖሪያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ስላገኘሁ በሚመጣው ቅዳሜ እወስደዋለሁ ብላኝ ሄደች።

ፈተናውን ማለፌ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እሱ ከሄደ በየቀኑ ምን ብላ ትደውልልኛለች?

ለልጅሽ ለሱራፌልና ለባለቤቱ ለጸሐይነሽ፣ ለልጆቻቸውም ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ባለቤትሽን ጋሽ ሙሉነህን ጉንጩን ሳሚልኝ።

አንቺም ሰላይነቱን ካልተውሽ አይቀር ለእኔም ሰልዪልኝ። ዲቦራ ስትደውልልሽ፣ ሲትሮን ገና አላገገመም፣ ከአባትሽ ቤት ማንቀሳቀሱ አይበጀውም በያት።

ወንድምሽ ኅሩይ
ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ
ግንቦት ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.