ከሞተሩ የወጣው ጆንያ

ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን 2017፣ ዲላ

ዛሬ የአሮጌዋን የስፖርት መኪናዬን ሞተር ፈታሁ። ውሃ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየር መግቢያው ላይ የበሰበሰ የቡና ጆንያ ተወትፎ አይጦች ሞተውበታል። በየዳገቱ የምትግለው ለካ ለዚህ ነው። የእህቴን ልጅ መሠረትን ቅዳሜ ለሠርጓ ጨለለቅቱ ከተማ የማደርሳት በዚህች መኪና ነው።

"ጋሼ፣ በዚህ ሽታ ልትድረኝ ነው?" አለች አፍንጫዋን ይዛ።

"አይጦቹን ሚዜ አድርጌልሽ ነበር፤ አልደረሱም።"

መኪናዋን የሸጠልኝን ሰውዬ አባቱን ሳላስቀር ሰደብኩት። "ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነው" አለች እሷም።

ጆንያው የታሰረበትን ቀይ ሽቦ ያየሁት መሠረት ከሄደች በኋላ ነው። ሽቦው የኔ ነው። ክረምት ላይ መኪናዋን ሳቆማት ዝናብ እንዳይገባ ብዬ የወተፍኩት ራሴ ነኝ፤ ረስቼው ስነዳት ከረምኩ።

እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። አሁንም ይሸታል። ለመሠረት አልነገርኳትም።