የመነጽር ብሎን ያላት ባቡር

ቅዳሜ፣ የካቲት 19 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው የሚያመው እንጂ ሜዳ ላይ ከማንም አያንስም። የመነጽር ሱቁን አሁንም ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ የተጨፈለቀ መነጽር ይዛ መጣችና «ባለቤቴ ሳያየው ተቀምጦበት ነው» አለችኝ። ባለቤቷ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሰውየው ክር ነው። መነጽሩን እንዲህ ለማድረግ እሱን የመሰሉ ሦስት ሰዎች ተደራርበው መቀመጥ አለባቸው። መነጽሩን አቃናሁላት።

ባለፈው በስልክ «የምነግርሽ ነገር አለ» ብዬ መልሼ የዋጥኩትን ነው አሁን የምጽፍልሽ። በስልክ ስናገር ድምፄ ያሳብቅብኛል። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የባቡሮቹ ነው። አሻንጉሊት ሲሏቸው የምቆጣላቸው፣ ሳሎኑን የሞሉት እነዚያው ትንንሽ ባቡሮች። አሁን አዲስ መግዛት ትቻለሁ። ያገለገሉ የሚሸጡበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ አለ፤ ከቁርስ በኋላ ሱቅ እስክከፍት እሱ ላይ ነኝ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም ነው ብለሽ ብትጀምሪ ብዙም አትሳሳቺም። «እንደ አዲስ» ያሉት ከጠረጴዛ ወድቆ የተነሳ ነው። «ትንሽ ጭረት አለው» ያሉት ግማሹ የለም። አንዴ ሞተሩ ይሠራል የተባለ ባቡር ገዝቼ ስከፍተው ከሆዱ ጠጠር ወጣ፤ ክብደቱ እንዳይጎድል ነው የሞሉበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬም ተመንጥሬያለሁ። ስለዚህ ፎቶውን አጉልቼ፣ በሱቁ አጉሊ መነጽር ደግሜ ሳላይ ምንም አልገዛም።

ከአንድ ወር በፊት «የድሮ ፉጨት» ብሎ ራሱን የሰየመ ሻጭ አንዲት አረንጓዴ ባቡር ከነአራት ፉርጎዋ አወጣ። አጉልቼ አየኋት። ከነጂው ክፍል በታች በግራ በኩል ያለችው ብሎን የባቡር ብሎን አይደለችም፤ የመነጽር ክንፍ ማጠፊያ ብሎን ናት። ዋናዋ ጠፍታ እኔው ራሴ ጭንቅላቷን በሞረድ አሳንሼ ያስገባኋት። በዓለም ላይ እንዲህ ያለች ብሎን ያላት ባቡር አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የኔ ናት።

መቼ እንደጠፋች ታስታውሻለሽ። አንቺ ለትምህርት በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲልብኝ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ፤ ሳጥኗ የለም። በዚያው ሳምንት ክፍሎቹን ሲቀባ የሰነበተው አጎትሽ ነው። ቁልፍ የነበረው ከእኔና ከአንቺ ሌላ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ማንን ልጠርጥር? አብረውት የሚቀቡት ሠራተኞች ባሉበት «አንተ ነህ የወሰድካት» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታናሽ ወንድሜ እጁ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ ጠረገ፤ «እኔ አልወሰድኩም ጋሼ» አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ስትደውዪ «አጎትሽ ሌባ ወጣ» አልኩሽ። ስልኩ ጭጭ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ቆየሁ። ከዚያ ስታለቅሺ ሰማሁ፤ ለአጎትሽ አዝነሽ ነው አልኩ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ከወንድሜ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነን ኖርን።

እና ባቡሯን ሳያት መጀመሪያ የመጣልኝ ምን ይመስልሻል? «የድሮ ፉጨት» ራሱ አጎትሽ ነው አልኩ። ከባቡሯ ጀርባ ግድግዳ ይታያል፤ ነጩና ሰማያዊው ቀለም የተገናኙበት መስመር በክር የተለካ ይመስላል። እንደሱ ቀጥ አድርጎ ቀለም የሚቆርጥ ሰው አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ደብቆ፣ ረስቷል ብሎ አሁን ሊሸጣት ነው አልኩ።

ፎቶውን ለጎረቤታችን ለመርማሪው አሳየሁት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚመረምረው አጥቶ የደረጃውን ቆሻሻ ማን እንደጣለ ነው የሚያጣራው። ዓይኑ በራ። «እንደ ገዢ ሆነህ ጻፍለት። ስምህን ግን እንዳትናገር» አለኝ። «ጀማሪ» የሚል ስም አወጣሁና ጻፍኩ፤ አርባ ዓመት ባቡር ስሰበስብ ኖሬ ጀማሪ ሆንኩልሽ።

«ባቡሯ ትሠራለች?» አልኩ።

«ትሠራለች። ስትነሳ ግን ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ስትነሳ ታንገራግራለች። እዚያ ገጽ ላይ እውነት የሚናገር ሰው ሳይ ደግሞ የባሰ ጠረጠርኩ። «ከማን ነው የገዙት?» አልኩት። ሁለት ቀን ዝም አለ።

«ዝምታ ራሱ ቃል ነው» አለ መርማሪው።

በሦስተኛው ቀን «መጥተው ይዩዋት፤ በፖስታ መላክ አልወድም» የሚል መልስ ከነአድራሻው መጣ። «ወጥመድ ነው» አለ መርማሪው፤ ግን ኮቱን ለብሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ሄድን። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ያለ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተልን አጎትሽ አይደለም፤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም። ቤታቸው ገና የመድኃኒት ሽታ አለቀቀውም። በፎቶ ቀጥ ያለው የግድግዳ መስመርም በአካል ሲያዩት ይወላገዳል። ባቡሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲያሳዩኝ አንዱን ፉርጎ ሐዲዱ ላይ ሊያስቀምጡ ሦስት ጊዜ ሞከሩና ተዉት። «ለዚህ ነው የምሸጣት። ላም ሳዋልድ የኖርኩበት እጅ ይቺን ጎማ ሐዲድ ላይ ማሳረፍ አቃተው» አሉኝ። እኔ አንስቼ አስቀመጥኩላቸው። በአንድ ጊዜ ስለገባልኝ ቀና ብለው አዩኝ። «ጀማሪ ነኝ አላሉም?» አሉ።

መርማሪው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። «ከማን ነው የገዟት?»

«ከአንድ ሰው ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት።»

«ሰው ስም የለውም?»

«ስም አልጠየቅኩም። የሸጡልኝ ሰው ቸኩለው ነበር።»

እነሱ ሲነጋገሩ እኔ ሳጥኗን ከፍቼ ሳይ ከክዳኑ ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በእጅ የተጻፈ ነው። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ከመሄዷ በፊት ትንሽ ትሙቅ። ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃታል። ኩርባ ላይ አያስቸኩሏት፤ ሦስተኛው ፉርጎ ከሐዲድ ይወጣል። በሳምንት አንዴ ካልሄደች ትደርቃለች። እባክዎ ፀሐይ የሚመታት ቦታ አያስቀምጧት፣ አረንጓዴው ይለቃል።»

የጻፈው ሰው የሐን መካከለኛ እግር አሳጥሮ ነው የሚጽፈው። እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። መርማሪው ቢጠይቀኝ ይህንኑ ነበር የምመልስለት።

መርማሪው «ምንድን ነው የያዝከው?» አለኝ። «የአያያዝ መመሪያ ነው። ከፋብሪካው የመጣ» አልኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሕይወቴ ለፖሊስ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጡረተኛ ይቆጠር እንደሆነ እንጃ።

እሱ ግን አልተወም። «የሸጡልዎት ሰው ወንድ ናቸው ሴት? ወጣት ናቸው ሽማግሌ?» አላቸው።

ሐኪሙ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ዕድሜ ልካቸውን አፍ የሌለው በሽተኛ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ዘጠኝ ዓመት ሆነው እኮ። ዘነጋሁት» አሉ።

መርማሪው በብስጭት ደረጃውን ቀድሞ ወረደ። እኔ ሒሳቡን ላወጣ ስል ሐኪሙ እጄን ያዙኝ። «የራስዎን ዕቃ እንዴት ልሽጥልዎት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የኔ አይደለችም። በአግባቡ ተሽጣለች፤ በአግባቡ ነው የምገዛት» አልኳቸው።

በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝ። «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የሸጡልኝ ሰው ከሄዱ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጥተዋል። መጀመሪያ የዘይቷን ጠርሙስ ረስቼ ነው ብለው ሰጡኝ። ሁለተኛው ላይ ግን የረሱት ነገር አልነበረም። አንዴ ስትሄድ ልያት አሉኝ። አስነሳሁላቸው፤ አንድ ዙር እስክትጨርስ ቆመው አዩና ሄዱ» አሉኝ።

ሳጥኗን ታቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ነው አልኩት መርማሪውን። አውቶቡስ ውስጥ «ሽማግሌው ይዋሻል» እያለኝ መጣ። «ይሆናል» አልኩት።

ቀጥዬ ያደረግኩት አጎትሽን መፈለግ ነው። አንድ ክሊኒክ እየቀባ ነው አሉኝ። ስደርስ መሰላል ላይ ቆሞ ኮሪደሩን ይቀባል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ መጀመሪያ ቀለም መስሎኝ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ግድግዳውን እንዳትነካ፤ አልደረቀም» አለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው።

«ባቡሯን አገኘኋት» አልኩት።

ብሩሹ ቆመ። «ማን ጋ?»

«አንድ ሐኪም ጋ። ከሰው ገዝተዋት ነው።»

«ከማን?»

ፊቴን መረመረኝ። ሌባ የሚፈራው እንዲህ ነው ልል ነበር፤ ግን የሚፈራው ለራሱ አልነበረም። «ማን እንደሸጠላቸው ረስተዋል» አልኩት። ትከሻው ሲወርድ አየሁ። «ጥሩ» አለና መቀባቱን ቀጠለ።

«አንተ ግን ታውቅ ነበር።»

«ሳጥኑ ይከብድ ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።» ለማን እንደከፈተ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ብነግርህ ማንን ታጣ ነበር?» አለኝ። «እኔ እዚሁ ነኝ፤ ንዴቱ ሲበርድለት ይመጣል ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይፈጅብሃል ብዬ ግን አልገመትኩም።»

እስኪወርድ መጠበቅ አልቻልኩም። ፊት ለፊቴ ያለው እግሩ ነበርና እግሩን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተው ጋሼ፣ ልትጥለኝ ነው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አልሳቅንም። አንዲት ነርስ ወንበር አመጣችልኝ።

አሁን እሁድ እሁድ ይመጣል። ባቡሮቹን ሲያስነዳ ቁጭ ብሎ ማየት ፈተና ነው፤ ኩርባ ላይ አይራራም። ሳሎኑን በነጻ ልቀባልህ ብሎኛል፤ ቀለሙን እኔ ልምረጥ ስለው አኮረፈ። ደህና ነን ማለት ነው።

ልጄ፣ ለትምህርት ከመሄድሽ በፊት አንድ ቀን «አባዬ፣ ከባቡሮቹ ጥቂቱን ብንሸጥስ?» ብለሽኝ ነበር። «ከነሱ አንድ ፉርጎ ከሚሸጥ እኔ ብሸጥ ይሻለኛል» አልኩሽ። ቀልድ መስሎኝ ነው ያልኩት፤ አሁን ሳስበው ቀልድ አልነበረም። ሳህኑን አንስተሽ ወጣሽ እንጂ ደግመሽ አልጠየቅሽኝም። ከዚያ መመዝገቢያሽን ከፈልኩ ስትዪኝ ከየት እንዳመጣሽው አልጠየቅኩሽም። ሁሉን ስጠረጥር የኖርኩ ሰው፣ ማየት የነበረብኝን አንዱን ነገር አላየሁም። ለዚያ ይቅር በዪኝ። ሌላ የምጠይቅሽም የምልሽም የለኝም።

የአጎትሽን ስልክ ከታች ጽፌልሻለሁ። ሲደውልልሽ አንሺለት። ስለ ባቡር አያወራሽም፤ ቃል ገብቶልኛል።

በየዓመቱ ልምጣ ትዪና ሥራ በዛብኝ፣ ፈተና ደረሰ፣ ትኬት ተወደደ ትዪኛለሽ። ሁሉም እውነት ይሆናል። ነገር ግን ለመምጣት የሚያስፈራሽ ሌላ ነገር ካለ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እንደሌለ እወቂው።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው አያሳጣሽ። እጅሽ የነካው ይባረክልሽ፤ ያጣሽውን በእጥፍ ይተካልሽ። ከክፉ ይሰውርሽ፤ ከኔም ክፉ ቃል ይሰውርሽ።

በሩን ከፍቶ የሚጠብቅሽ
አባትሽ